ምዕራፍ ስድስት፦ የጨዋታ ሥርዓትና የጨዋታ ገላ

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ አዲ አርቃይ የሚወርድ መንገደኛ አምባ በአምባ ላይ ተደራርቦ የሚያየው የስሜን ምድር፣ በትውፊት የቤተ እስራኤል ነገሥታት መቀመጫ ሆኖ ሲነገርለት የኖረ፣ የጌዴዎን ልጅ የተባለችው ዮዲትም ከዚያው ተነሥታ አክሱምን አጠፋች እየተባለ የሚተረክበት አገር ነው። በትረካው ውስጥ ምን ያህሉ ታሪክ፣ ምን ያህሉ አፈ ታሪክ እንደ ሆነ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም፤ ይሁን እንጂ ይህች ንግሥት ከአፈ ታሪክና ከዜና መዋዕል ወጥታ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ ሁለት» በሚባለው የኮምፒዩተር ጨዋታ ውስጥ ከማሊው ሱንጃታና ከጣሪቅ ኢብን ዚያድ ጋራ የራሷ ዘመቻ ተሰጥቷት ገብታለች። ተጫዋቹ ኢትዮጵያውያንን የመረጠ እንደ ሆነ ሾተል የታጠቁ እግረኞችን ያሰልፋል፤ ትእዛዝ ሲሰጣቸውም በአማርኛ ይመልሱለታል።

ጨዋታው ሲወለድ ግን ኢትዮጵያ በውስጡ አልነበረችም። በቴክሳስ፣ በዳላስ አካባቢ የነበረው ኤንሰምብል ስቱዲዮስ የተባለ ድርጅት ሠርቶት ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው ጊዜ የሚመረጡት ሕዝቦች አሥራ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ሠሪው ድርጅት በ2009 መጀመሪያ ተዘግቶ፣ ሠራተኞቹም ተበትነው፣ ጨዋታው አሮጌ ከተባለ በኋላ ግን፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ወዳጆቹ ማንም ሳያዛቸውና ማንም ሳይከፍላቸው ተሰባስበው አዲስ ሕዝቦችንና አዲስ ዘመቻዎችን የጨመረ ሥራ በ2012 መጨረሻ አወጡ፤ ስሙንም «ፎርጎተን ኢምፓየርስ» አሉት። ማይክሮሶፍት በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረው፦ ወይም የጨዋታው ባለቤት እኔ ነኝና ሥራችሁን አንሡ ብሎ በጠበቃ ማስጠንቀቅ፣ ወይም ሠራተኛ አድርጎ መቀበል። ሁለተኛውን መረጠ። በ2013 ጨዋታው ለዘመኑ ኮምፒዩተር ታድሶ ሲወጣ የእነዚያ ወዳጆች ሥራ በይፋ ገባ፤ እነዚሁ ሰዎች በ2015 የአፍሪካን መንግሥታት ጨምረው ዮዲትን አመጡልን፤ በ2019ም ጨዋታውን እንደ ገና ከሥሩ ሲያድሱት ዋና ሠሪዎቹ እነርሱ ሆኑ። የአገራችን ታሪክ ወደዚያ ሰሌዳ የደረሰው እንግዲህ ባለቤቱ ያልጠራቸው ሰዎች የሌላውን ሥራ በፍቅር ስለ ነካኩት ነው፤ እኔም ስለ ቅጅ መብት ስጽፍ ከዚህ የምጀምረው፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ገልባጭን ሁሉ ሌባ፣ ባለቤትንም ሁሉ ቀማኛ አድርጎ መቍጠር ነገሩን እንዳናይ የሚጋርድ መጋረጃ ስለሚሆንብን ነው።

ሦስት ግብሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ሰው ይደናገርባቸዋል። አንደኛው ያንኑ ጨዋታ እንዳለ ገልብጦ መሸጥ ወይም ማደል ነው፤ ይህ ቅጂ ይባላል። ሁለተኛው የጨዋታውን አካሄድ ወስዶ በሌላ ሥዕል፣ በሌላ ድምፅ፣ በሌላ ስም ከአዲስ መሥራት ነው፤ ይህን አምሳያ እንበለው። ሦስተኛው አሮጌውን ጨዋታ ስሙንና መልኩን ሳይለቅ ለአዲስ መሣሪያ እንደ ገና መሥራት ነው፤ እርሱን ዳግም ሥራ እንለዋለን። ሕጉ ሦስቱን በሦስት ዐይን ያያቸዋል፤ እንዲህ የሚለያያቸውን ምክንያት ለማወቅ ወደ ጥንተ ነገሩ መመለስ ያስፈልጋል።

በአሜሪካ አገር ራልፍ ቤር የተባለ መሐንዲስ በቴሌቪዥን ላይ የሚሠራ የመጫወቻ መሣሪያ አስቦ ማግናቮክስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1972 «ኦዲሴይ» ብሎ ለገበያ አወጣው፤ በዚያው ዓመት የአታሪ መሥራች ኖላን ቡሽኔል ይህ መሣሪያ ለሕዝብ ሲታይ ተገኝቶ በውስጡ የነበረውን የጠረጴዛ ቴኒስ ተመለከተ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ አታሪ «ፖንግ»ን አወጣ። ሁለት ዱላ፣ አንዲት ነጥብ፣ በመካከል የተሰነጣጠቀ መሥመር፤ ከዚህ በቀር ሌላ ነገር የለውም። ማግናቮክስ ከሰሰ፤ አታሪም በ1976 ገንዘብ ከፍሎ ፈቃድ በመግዛት ታረቀ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ክሱ የፈጠራ መብት ክስ እንጂ የቅጅ መብት ክስ አለመሆኑ ነው፤ ቤር የተከራከረው መሣሪያው በሚሠራበት ብልሃት ላይ ነበር። የፈጠራ መብት በአጭር ዘመን ያልቃል፤ የቅጅ መብት ግን የሰውን ዕድሜ አልፎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ ስለዚህ ሕግ ለቅጅ መብት ዘመኑን ሲያረዝም ስፋቱን አጠበበው፤ የደራሲውን ቃል ጠብቆ አሳቡን ለሁሉ ተወ።

ይህን የምዕራባውያን ሕግ ረቂቅ ነገር ለሚመስለው አንባቢ የቅኔ ቤት ሰው ቀላል አድርጎ ሊያስረዳው ይችላል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ ሦስት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑ የማንም ርስት አይደለም፤ ዜማውም፣ ልኩም፣ ሰምና ወርቁን የማዋሐዱ ስልትም ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ያለ ዋጋ ሲወርድ የኖረ ነው፤ ማንም ሰው በዚያ ልክ ቢቀኝ «የእገሌን መወድስ ወሰድህ» የሚለው የለም። ነገር ግን ሌላው የተቀኘውን ቃል እንዳለ አንሥቶ በማኅሌት ቆሞ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ደብተራ ቢገኝ፣ ያ ነውር በደብሩ ሁሉ ይወራበታል። ልኩ የጉባኤው ነው፤ ቃሉ የባለ ቅኔው ነው። የጨዋታም ነገር እንዲሁ ነው፦ ሥርዓቱ፣ ማለት ኳሲቱ ዱላ ስትነካ ትመለሳለች፣ የሞላ ረድፍ ይጠፋል፣ ሯጩ ሳያቋርጥ ይሮጣል የሚለው ሁሉ፣ የጉባኤው ነው፤ ገላው፣ ማለት የተሣለው ሥዕል፣ የተቀመረው ዜማ፣ የተጻፈው መርሐ ግብር፣ የሠሪው ነው።

የኛም ሕግ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1647 ጀምሮ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ኪነ ጥበብ ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ስለ ኮምፒዩተር የሚያስብ አልነበረም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 የኮምፒዩተርን መርሐ ግብር በስሙ ጠርቶ ከሚጠበቁት ሥራዎች ቈጠረው፤ ሥራው ከተፈጠረበት ጊዜ አንሥቶ ያለ ምዝገባ እንዲጠበቅ፣ ጥበቃውም በደራሲው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት እንዲጸና አደረገ፤ በአንቀጽ 5 ደግሞ አሳብ፣ አሠራር፣ ሥልት፣ መርሕና ግኝት በሥራው ውስጥ የተገለጹም ቢሆኑ እንኳ እንደማይጠበቁ አስታወቀ። ሆን ብሎ መብቱን የጣሰ ሰው ከ5 ዓመት በማያንስ፣ ከ10 ዓመት በማይበልጥ ጽኑ እስራት እንዲቀጣም አዝዟል፤ እንዲህ ያለ ከባድ ቅጣት በተጻፈበት ነገር ላይ የተፈቀደውን ከተከለከለው ለይቶ ማወቅ ለወጣት ሠሪ ሁሉ ግዴታው ነው።

ወሰኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያሳዩት ግን የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ናቸው፤ እነርሱም ወሰኑን ያገኙት ወዲያና ወዲህ እያሉ ነው። «ሚቲዮርስ» የተባለው ጨዋታ የአታሪን «አስትሮይድስ» አሳብ እንደ ወሰደ ለማንም ግልጽ ነበር፤ ሆኖም ዳኛው በ1981 አንዲት መርከብ በጠፈር ውስጥ ድንጋይ እየተኮሰች ታልፋለች የሚለው አሳብ ለማንም የተፈቀደ ነው፣ መመሳሰሉም ከዚያ አሳብ የግድ የሚከተል ነው ብሎ ተከሳሹን ነጻ አወጣ። ዓመት ሳይሞላ ግን በቺካጎ የተቀመጠው የይግባኝ ፍርድ ቤት «ኬ ሲ መንችኪን» የተባለውን ጨዋታ ከ«ፓክ ማን» ጋራ አስተያይቶ በተቃራኒው ወሰነ፤ በጉራንጉር ውስጥ ነጥብ እየለቀሙ መሸሽ አሳብ ነው፤ ነገር ግን ያ አፉን እየከፈተና እየዘጋ የሚውጠው ክብ ፍጡር፣ እነዚያ ዐይናቸው የሚያፈጥጥ መናፍስት፣ ሲሸነፉም የሚጠፉበት ሁኔታ፣ ይህ ሁሉ የደራሲ ሥዕል እንጂ ሥርዓት አይደለም አለ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የምንቈየው በ«ቴትሪስ» ላይ ነው፤ ምክንያቱም ይህን ጨዋታ በኢትዮጵያ ከተሞች ያደገ ሰው ስሙን ባያውቀው እንኳ በጣቱ ያውቀዋልና ነው። ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ከባትሪ ድንጋይና ከመስተዋት አጠገብ ይንጠለጠል የነበረው፣ በጀርባው «9999 ጨዋታ» ተብሎ የተጻፈበት፣ ግራጫ መስኮት ያለው የቻይና መጫወቻ፣ ከዘጠኝ ሺው ጨዋታ አብዛኛው ያው የሚወርደው ጡብ ነበር። ያን ጡብ ያሰበው አሌክሲ ፓዢትኖቭ ነው፤ በ1984 በሞስኮ፣ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማእከል ተቀጥሮ ሳለ፣ «ኤሌክትሮኒካ 60» በተባለ ሥዕል ማሳየት በማይችል ኮምፒዩተር ላይ ቅንፍና ነጥብ እየደረደረ ሠራው። የመንግሥት ሠራተኛ ነበርና መብቱ የመንግሥት ሆነ፤ ጨዋታው ዓለምን ሲዞር፣ በ1989 ከኒንቴንዶ «ጌም ቦይ» ጋራ በሚሊዮን በሚቈጠር እጅ ሲገባ፣ የሶቪየት የንግድ ድርጅት ሲዋዋልበት እርሱ የሚገባው ዋጋ አልደረሰውም፤ መብቱ ወደ እርሱ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። ይህን ሳስብ የቅጅ መብት ደራሲን ለመጥቀም ወጣ የሚለው ቃል ሁልጊዜ እውነት እንዳልሆነ ይሰማኛል፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው በውል የያዘው ነው።

ቴትሪስን በሚመለከት የተሰጠው ታላቅ ፍርድ በኒው ጀርሲ በ2012 የተፈረደው ነው። ዚዮ የተባለ አነስተኛ ድርጅት «ሚኖ» የተባለ አምሳያ ለስልክ ሠርቶ ሲከሰስ ነገሩን አልካደም፤ አስቀድሜ የሕግ ምክር ጠይቄአለሁ፣ የወሰድሁት ሥርዓቱን ብቻ ነው አለ። ዳኛዋ ፍሪዳ ዎልፍሰን ግን ሁለቱን ጨዋታ ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲመለከቱ የጡቦቹ መልክና ቀለም አቀባብ፣ የሜዳው ስፋት አሥር በሃያ መሆኑ፣ ጡቡ የሚያርፍበትን አስቀድሞ የሚያሳየው ጥላ፣ ጨዋታው ሲያበቃ ሜዳው የሚሞላበት አኳኋን ሁሉ አንድ ሆኖ አገኙት፤ የሚወርዱ ነገሮችን ገጣጥሞ ረድፍ መሙላት ለሁሉ የተፈቀደ ነው፣ ነገር ግን ያንን አሳብ ለመግለጽ ሌላ ብዙ መንገድ ሳለ ይህንኑ መምረጥ ገላውን መውሰድ ነው ብለው ፈረዱ። ፍርዱን ትክክል ነው እላለሁ፤ ሆኖም በሜዳው ስፋት ላይ የሰጡትን ቃል በፍጹም ልቤ አልቀበለውም፤ አሥር በሃያ የተባለው ልክ ወደ ሥዕል ሳይሆን ወደ ሥርዓት የሚያደላ፣ የመወድስን ስምንት ቤት የሚመስል ነገር ነውና።

ከፍርድ ቤቱ ወደ አገራችን ጎዳና ስንመለስ የምናገኘው ነገር ሌላ ነው። በደባርቅም ሆነ በዳባት፣ ወይም መንገደኛ ምሳ በሚበላበት በአዲ አርቃይ፣ እንደ ሌሎቹ የኢትዮጵያ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ፣ ልጆች የሚያውቁት የጨዋታ ቤት ፕሌይስቴሽን ቤት ነው፦ በር ላይ መጋረጃ የተሰቀለበት አንድ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ጎማው ተልጦ ነጭ የሆነ ጆይስቲክ፣ አግዳሚ ወንበር፣ «የተሸነፈ ይነሣል» የሚል ያልተጻፈ ደንብ፤ ሒሳቡም በጨዋታ የሚከፈል። በአጠገቡ ያለው ሱቅ «ፊልምና ጌም እንጭናለን» ብሎ ለጥፏል። ፊፋውም፣ የመኪና ውድድሩም፣ ዮዲት ያለችበት ጨዋታም፣ ባለቤቱ ዘንድ አንድ ሳንቲም ሳይደርስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይተላለፋል።

ይህ ወንጀል ነውን? ብዙ ሰው ነው ብሎ ይመልሳል፤ የአዋጁ መልስ ግን ከዚህ የተለየ ነው። አዋጅ ቁጥር 410 የሚጠብቀው ኢትዮጵያዊ የሆነ ወይም በኢትዮጵያ የሚኖር ደራሲ የደረሰውን፣ በመጀመሪያ በኢትዮጵያ የታተመውን ወይም በውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህ የታተመውን ሥራ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ጥበቃ የሚገባውን ሥራ ነው። አዋጁ በወጣ ጊዜ፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አገራችን የደራስያንን መብት በአገሮች መካከል የሚያስከብረውን፣ በ1886 በበርን ከተማ የተፈረመውን ስምምነት አልገባችም ነበር፤ ስለዚህ የጃፓንና የአሜሪካ ጨዋታ በደባርቅ ሱቅ ሲገለበጥ የአገሩ አዋጅ እጁን የሚዘረጋበት ምክንያት አልነበረውም። አገራችን ደጅ የምትጠናው የዓለም ንግድ ድርጅት ግን አባል የሚሆን ሁሉ የበርንን ስምምነት ዋና ዋና ድንጋጌዎች እንዲፈጽም ያስገድዳል፤ ያ ቀን ሲደርስ የፕሌይስቴሽን ቤት ጉዳይ የፖሊስ ጉዳይ ይሆናል።

የደሃ አገር ልጅ ዋጋውን ሊከፍል የማይችለውን ጨዋታ በነጻ ማግኘቱ በጎ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ልጁን አልነቅፈውም። የምናገረው ስለ ሌላው ልጅ ነው፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ መርሐ ግብር መጻፍ ተምሮ፣ በራሱ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲመጣ እየሠራ ሲጠፋ እየጠበቀ፣ አንድ ትንሽ የአማርኛ ጨዋታ ለሚሠራው። የእርሱን ጨዋታ አዋጁ ይጠብቅለታል፤ ገበያው ግን ዓለም ያወጣው ሁሉ በነጻ የተደረደረበት ገበያ ነውና ለእርሱ የሚከፍል ሰው አያገኝም። የውጭ ሰው ሥራ አለመጠበቁ የጐዳው የውጭውን ሰው ሳይሆን ይህን ልጅ ነው፤ ይህም በአገራችን ሲነገር እምብዛም አልሰማሁም።

ወደ ዳግም ሥራ ነገር ስንመጣ ሕጉ ለአምሳያው የራራውን ያህል አይራራም፤ የሥራውን ለውጥ የማድረግ መብት፣ እንደ መተርጎምና ወደ ተውኔት እንደ መቀየር፣ የደራሲው ብቻ ነውና። ሚልተን ጉዋስቲ የተባለ አርጀንቲናዊ «ሜትሮይድ ሁለት» የተባለውን የ1991 የጌም ቦይ ጨዋታ ለዓመታት ሲደክምበት ቆይቶ በነሐሴ 2016 ከአዲስ ሠርቶ በነጻ አወጣው፤ በቀናት ውስጥ ኒንቴንዶ አስጠነቀቀው፣ ሥራውም ወረደ። ዓመቱ ሲዞር ኒንቴንዶ የዚያኑ ጨዋታ የራሱን ዳግም ሥራ ለገበያ አቀረበ። በሌላ በኩል ቫልቭ የተባለው ድርጅት የ1998 ጨዋታውን «ሃፍ ላይፍ»ን ወዳጆቹ «ብላክ ሜሳ» በሚል ስም እንደ ገና ሲሠሩት ዝም ብሎ አልተወም፤ በዋጋ እንዲሸጡት ፈቀደላቸው፤ ሥራውም በ2020 ተፈጸመ። ሁለቱም ባለቤቶች በሕግ ፊት ትክክል ናቸው። በኔ ሚዛን ግን ከማይክሮሶፍትና ከቫልቭ ወገን ያለው ጥበብ ይበልጣል፤ የሚወድህን ሰው ከደጅህ ማባረር ሕግ የፈቀደው ቢሆንም ሥራህን የሚጠብቅልህን ሰው ማጣት ነው።

ባለቤት ሳይለመን፣ ሕግም ሳይጣስ የሚሄድ ሦስተኛ መንገድ ደግሞ አለ፤ እርሱም ሥርዓቱን ወስዶ ገላውን ሁሉ በራስ እጅ መሥራት ነው። ያ «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ» ብዙ ልጆች ወልዷል። በ2001 ጥቂት ወዳጆቹ በእርሱ ላይ የሚጨመር ሥራ ጀመሩ፤ በኋላ ግን ያንን ትተው «ዜሮ ኤ ዲ» የተባለ የራሳቸውን ጨዋታ አደረጉት፤ በ2009 መርሐ ግብሩን ለሁሉ ክፍት አደረጉት፤ ከዚያ ወዲህ የማንም ድርጅት ያልሆነ፣ ማንም ሊያወርደው፣ ሊከፍተው፣ ሊያርመው የሚችል ነጻ ጨዋታ ሆኖ ሲያድግ የኩሽ መንግሥት በ2018 ገብቶበታል። «ዱም» የተባለውን የ1993 ጨዋታ የሠራው ድርጅት ደግሞ በ1997 መርሐ ግብሩን ለሁሉ ሰጠ፣ ሥዕሉንና ድምፁን ግን ለራሱ አስቀረ፤ ስለዚህ ሌሎች ሰዎች ሥዕሉን ሁሉ አንድ በአንድ ከአዲስ ሥለው በነጻ የሚታደል ጨዋታ አደረጉት። የስሜን ወጣት ዋልያና ጭላዳ የሚገኙበትን ጨዋታ ልሥራ ቢል ከባዶ መነሣት እንደማያስፈልገው ከዚህ መረዳት ይችላል፤ የዘመናት ድካም በፈቃድ ክፍት ሆኖ ተቀምጦለታል፣ የሚጠየቀውም የፈቃዱን ቃል ማክበር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እመጣለሁ። የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክን ለመጠበቅ በአሜሪካ የተቋቋመ ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት፣ በዚያ አገር ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች ውስጥ 87 ከመቶው በሕጋዊ ገበያ አይገኙም። ባለቤቱ ተዘግቷል፣ ወይም ተሽጧል፣ ወይም ረስቷል፤ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ ዲስኩ ሻግቷል፤ መብቱ ግን ገና የብዙ ዐሥርት ዓመታት ዕድሜ አለው። እንደዚህ ያለ ሥራ ሳይጠፋ የሚቀረው ያልተፈቀደለት ሰው ገልብጦ ካስቀመጠው ብቻ ነው።

ቅጂ የሚያድን መሆኑን ለስሜን ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ በገዛ መንገዱ ያለፈ ታሪክ ነውና። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ከምፅዋ ተነሥቶ በ1770 መጀመሪያ በአዲ አርቃይ ሰፍሮ፣ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅ አድርጎ ጎንደር ገባ። የጌዴዎንንና የዮዲትን ትውፊት ለአውሮፓ አንባቢ ከጻፉት አንዱ እርሱ ነው። ከኢትዮጵያ ሲመለስም መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት የብራና ቅጂ ይዞ ሄደ። ያ መጽሐፍ በአውሮፓ ከሺህ ዓመት በላይ ጠፍቶ፣ ጥቅሱ ብቻ በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ሙሉው የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። በግእዝም የተገኘው፣ ቁም ጸሐፊዎች ከአባት ቅጂ የልጅ ቅጂ እየጻፉ፣ ብራናው ሲያረጅ በሌላ ብራና እየተኩ፣ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቁ ስላቆዩት ነው። የሄኖክ ደራሲ ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ቆይቶ መብቱ ማብቃቱን የሚያሰላ ሕግ በዚያን ዘመን ቢኖር ምንም ባልጐዳ ነበር፤ የዛሬ ዲስክ ግን ብራና አይደለምና ሃምሳ ዓመት አይጠብቅም።

አዋጃችን ለዚህ አንድ በር ከፍቷል። ቤተ መጻሕፍት፣ ቤተ መዛግብትና እነዚህን የመሰሉ ተቋማት ለትርፍ ሳይሆን ሥራን ለመጠበቅ ወይም የጠፋና የተበላሸ ቅጂን ለመተካት መገልበጥ እንዲችሉ በአንቀጽ 12 ተፈቅዷል። እንግዲህ የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት የሆነው ወመዘክር የታተመ መጽሐፍና ጋዜጣ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ በኢትዮጵያውያን የተሠሩትን ጨዋታዎች፣ የስልኩንም የኮምፒዩተሩንም፣ ከሚሠሩበት መሣሪያ ጋራ ዛሬ መሰብሰብ ቢጀምር ሕግ የሚያግደው አይደለም፤ ይህን የምጽፈው ሥራው ዘግይቶ እንዳይጀመር ከልቤ ስለምለምን ነው። የስልክ መደብሮች አሮጌ ጨዋታን ያለ ማስታወቂያ ያነሣሉ፤ ሠሪው ድርጅት ሲከስር የጨዋታው መርሐ ግብር አንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል፤ ላፕቶፑም ይሸጣል።

ከሚሰበሰቡትም አንዱ «ኩኩሉ» ነው። ቅኔ ጌምስ የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት የሠራው ይህ የስልክ ጨዋታ ከአሳዳጅዋ የምትሸሽ ዶሮ ሳታቋርጥ የምትሮጥበት ነው። ሳያቋርጡ እየሮጡ መሰናክል መዝለል «ቴምፕል ረን» በ2011 ወጥቶ ዓለምን ከሞላ በኋላ በመቶ የሚቈጠሩ ጨዋታዎች የተከተሉት ሥርዓት ነው፤ ሥርዓቱም የጉባኤው ነውና ማንም ሊከሳቸው አይችልም። ዶሮይቱ፣ ሰፈሩ፣ ድምፁ ግን የኛው ነው፤ አምሳያ በጎ የሚሆነውም እንዲህ ሲሆን ነው።

ይኸው ድርጅት ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ገበጣ የጨዋታዎች ሁሉ ሽማግሌ ነው፤ እረኛው ከብቱን አሰማርቶ መሬቱን በጣቱ እየቦረቦረ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ይሠራና ጠጠር ይሞላበታል፤ ከአንዱ ጉድጓድ አፍሶ በተከታዮቹ አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል፤ መጨረሻው ጠጠር የወደቀበት ጉድጓድ መብላቱን ወይም ማለፉን ይወስንለታል። በሦስት ረድፍ የሚጫወቱት ዓይነት ግን ከአፍሪካ ቀንድ በቀር በሌላ ዓለም አይታወቅም። ከዚህ ጨዋታ ልዩ ልዩ ዓይነት ብዙውን ከየአውራጃው ሰብስበው በ1971 እ.ኤ.አ. በ«ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ያሳተሙት ሪቻርድ ፓንክረስት ናቸው። የደባርቅ ወጣት እንግዲህ በሦስት ረድፍ የሚጫወቱትን ገበጣ በስልክ ሊሠራ ቢነሣ፣ ሥርዓቱን ከዚያ ጽሑፍ አንብቦ ሁሉንም መውሰድ ይችላል፤ ከቅኔ ጌምስ ሰሌዳ ሥዕልና ድምፅ ግን አንዲቱንም መንካት አይችልም። ፓንክረስት በየካቲት 2009 ዓ.ም. አርፈዋልና፣ በአዋጁ አቈጣጠር የጽሑፋቸው ቃል እስከ 2059 ዓ.ም. የተጠበቀ ነው፤ ሥርዓቱን ወጣቱ በራሱ አማርኛ መጻፍ አለበት፤ ይህንንም አያቱን ጠይቆ፣ በዳባትና በአዲ አርቃይ ያሉትን ሽማግሌዎች ሲጫወቱ ተቀምጦ አይቶ ቢጽፈው፣ ፓንክረስት ያልደረሱበትን አንድ ዓይነት ሊያገኝ ይችላል።